ቶኩጂ ቤቱን ሲለይ

የቶኩጂ ችግር የኋለኛው ክፍል ነበር። ባለቤቱ ፉሳኤ በበረዶው ወራት ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት የተበላና የተከፈተ ነገር ሁሉ ማሸጊያው፣ ጣሳውና ጠርሙሱ በከረጢት እየታሰረ እዚያ ክፍል ይገባል። በረዶው ሲቀልጥ ክምሩ ጉልበት ላይ ደረሰ። የሩዝ መደቦች ውሃ ሲሞሉ ወገብ አለፈ። ተንሸራታቹ በር አልገጥም ሲል ቶኩጂ አሮጌ ብስክሌት አስደገፈበትና ወደ ሌላው ክፍል ሄዶ ተቀመጠ።

አንድ ልጁ ሹንፔይ ከኦሳካ ከተማ መጥቶ ያንን በር ከፈተው። አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ ብዙ ቆመ፤ ከዚያ በሩን መለሰና አባቱ ፊት ቁጢጥ አለ።

"አባባ፣ ለእማማ የመጀመሪያ የሙታን በዓል ነሐሴ ላይ እመጣለሁ። ያኔ ይሄ ክምር እዚህ ካለ ይዤህ እሄዳለሁ። እኛ ጋ ትኖራለህ፤ አሥረኛ ፎቅ፣ ሊፍት አለው።"

"እሺ።"

"እሺ ምን? እሺ እሄዳለሁ ነው ወይስ እሺ አጸዳለሁ?"

ቶኩጂ አሰበበት። ከዚህ ቤት መውጣት አይፈልግም። ይህን ያውቀዋል፤ ግን የሚያውቀው ጎረቤት ቤት የተከፈተ ሬዲዮ እንደሚሰማ ሰው ነበር። ወሬ እንዳለ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። "አጸዳለሁ" አለ።

አውጥቶ መጣል ቀላል ይመስላል። በእኛ መንደር ግን ቆሻሻ የሚሰበስብ መኪና አይመጣም። እያንዳንዱ ቤት የራሱን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ለይቶ ወንዙ ዳር ወዳለው መለያ ጣቢያ ራሱ ያደርሳል። እዚያ ከአርባ የሚበልጡ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ በየሳጥኑ ላይ የገባው ነገር ወዴት እንደሚሄድና ምን ሆኖ እንደሚመለስ ተጽፏል። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት አሰልቺ ነው። ቀርበው ሲያዩት ግን እንዴት ደስ ይላል! አንዲት የሶያ ሶስ ጠርሙስ እንውሰድ። ጠርሙሷ ቡናማ ስለሆነች ከነጮቹ ጋር አትቀላቀልም፤ ሲቀልጡ የነጩን መልክ ታበላሻለች። ክዳኗ ብረት ነው፣ ወደ ብረት። አንገቷ ላይ የተጣበቀችው ቀለበት ፕላስቲክ ናት፣ በቢላ ጫፍ ተፈልቅቃ ትወጣለች። ሆዷ ላይ ያለው ወረቀት ሞቅ ባለ ውሃ ይላጣል። አንድ ሆና የገባች ጠርሙስ አራት ሆና ትወጣለች፤ አራቱም የተለያየ አገር ይሄዳሉ።

ፉሳኤ ይህን ሁሉ በእጇ ታውቀው ነበር። ቶኩጂ ደግሞ ዕድሜውን በዝግባ መሰንጠቂያ የሠራ ሰው ነው፤ የእሱ ድርሻ የተለየውን በትንሿ ነጭ የጭነት መኪና አድርሶ፣ እሷ ስታወርድ መሪው ላይ ተደግፎ መጠበቅ ነበር። ሳጥኖቹን ከነመልካቸው ያውቃቸዋል። የትኛው ውስጥ ምን እንደሚገባ ግን አያውቅም። ከሞተች በኋላ መጠየቅ አፈረ፤ በፉሳኤ ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ መነሳቱ ራሱ እሷን የሚያሳጣ መሰለው።

መጀመሪያ የደረሰችበት ሚትሱኖ ናት። ሚትሱኖ የላይኛው ቤት ጎረቤቱ፣ ሰማንያ የሞላት፣ ጉልበቷ እንጂ ምላሷ ያላረጀ ሴት ናት። ከአጥሩ ወዲያ ሆና ጮኸች።

"አንተ ቶኩጂ! ዝንብህ እኔ ቤት መጣ እኮ! ምን ደብቀህ ነው፣ ሬሳ?"

ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። "ውይ፣ ይቅር በለኝ። ይሄ የኔ ምላስ ይቆረጥ።"

"ሬሳ አይደለም እትዬ ሚትሱኖ" አለ ቶኩጂ። "የቶፉ ዕቃ ነው።"

ገብታ አየች። አልሳቀችም፣ አላዘነችለትምም። እጅጌዋን ሰበሰበች። "አርባውን ሳጥን እርሳው። ለዛሬ ሦስት ነገር ብቻ ነው ያለው፤ የሚበሰብስ፣ የሚታጠብና የማይታወቅ። የማይታወቀውን ጣቢያው ድረስ ለጎንዳ ትወስድለታለህ። እሱ የሚያስረዳው ሰው ሲያጣ ያመዋል።"

እንዲህ ተጀመረ። ሚትሱኖ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታዛለች፣ ቶኩጂ ግቢ ውስጥ ያጥባል። የሚታጠበው ማታ በታጠቡበት የገንዳ ውሃ ነው፤ ለቆሻሻ ንጹሕ ውሃ የሚያፈስ የለም። ቅደም ተከተልም አለው። መጀመሪያ የዳቦና የሩዝ ላስቲክ፣ ቀጥሎ ቶፉ የሚባለው የአኩሪ አተር አይብ የነበረበት ዕቃ፣ ከዚያ ቅባት የነካው፣ መጨረሻ ላይ የተቦካው አኩሪ አተር የነበረበት የሚያዝለገልግ ዕቃ። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሰው በአንድ ባልዲ ብዙ ያጥባል፤ ያላወቀ ሰው መጀመሪያ የተቦካውን ይነክርና ውሃውም ቀኑም ይበላሽበታል። ቶኩጂ በመጀመሪያው ቀን የተቦካውን ነከረ።

"ጎበዝ!" አለች ሚትሱኖ። "አሁን ባልዲውንም እጠበው።"

የታጠበው በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ ገመድ ላይ ይሰጣል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው የሩዝ ከረጢትና የብስኩት ላስቲክ እንደ ሕፃን ልብስ ተሰልፎ ሲወዛወዝ ያያል። የወተት ካርቶን በመቀስ ተዘርግቶ፣ ታጥቦ፣ እንደ አጥንት ሲደርቅ በአንድ ላይ ይታሰራል፤ ከእስሩ ውስጥ አንዱ እንኳ ከሸተተ እስሩ በሙሉ ይመለሳል። ቶኩጂ ይህን ሁሉ ያለ ቅሬታ ሠራ፣ ያለ ደስታም። እጁ ይሠራል፣ እሱ እጁን ያያል። ምሽት ላይ ሩዙን በልቶ ይተኛል። ሲነቃ የሚታጠብ ነገር አለ።

ጣቢያው ላይ ጎንዳ ተቀበለው። ጎንዳ የጣቢያው ጠባቂ ነው፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጓንቱን ማንም ሲያወልቅ አይቶት የማያውቅ ሰው።

"ጋሼ ቶኩጂ! ዛሬ ከመሪው ወርደዋል እንዴ?"

"እኔ ነኝ የለየሁት።"

"እስቲ ልይ።" ጎንዳ ከማይታወቀው ሳጥን አንዱን አነሳ። "ይሄ ምንድነው?"

"ላይተር።"

"ጋዝ አለው?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው አለው። ያላወቅነው ላይተር ሁሉ ጋዝ እንዳለው ይቆጠራል፤ አለዚያ ጢሜ ይቃጠላል።"

"ጢም የለህም እኮ።"

"ለምን ይመስልዎታል ታዲያ?"

ቶኩጂ መሳቅ እንዳለበት ገባው፤ ፈገግታውን ሲፈልገው ግን ጎንዳ ወደ መስተዋቱ ሳጥን አልፎ ነበር። የሆነ ሆኖ ቦታውን ወደደው። እዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ይህ ምንድነው፣ ከምን ተሠራ? ጥያቄው ደግሞ መልስ አለው። በቀሪው ቀን ሰዎች የሚጠይቁት፣ እንዴት ነህ፣ እንቅልፍ ትተኛለህ፣ በርታ እሺ፣ ይህ ሁሉ መልስ አልነበረውም።

የዝናቡ ወር ሲያልቅ የኋለኛው ክፍልም አለቀ። ቶኩጂ የሣር ምንጣፉን በሆምጣጤ ውሃ ወለወለ፣ መስኮቱን ከፈተ። ሚትሱኖ አየችና "ወንድ ልጅ እንዲህ ሲሠራ ሳይ ሰማንያ ዓመት ተሞኝቻለሁ ማለት ነው" አለች። በማግስቱ ጉልበቷን ልትታከም ልጇ ዘንድ ሄደች።

እዚህ ላይ ነገሩ ማብቃት ነበረበት። ቤቱ ጸድቷል፣ በዓሉ ገና ነው፣ ሹንፔይ የሚለው የለውም። ግን ቶኩጂ በማግስቱ እንደለመደው በማለዳ ተነስቶ ባልዲውን ሞላ፤ የሚታጠብ ነገር አልነበረም። ውሃውን ትንሽ አየውና ገብቶ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ከፈተ።

መሳቢያው ውስጥ የፉሳኤ ላስቲኮች፣ የኩኪስ ቆርቆሮዎችና የማትጠቀምባቸው መቀሶች ነበሩ። መቀስ፤ ምላጩ ብረት፣ እጀታው ፕላስቲክ፣ መሐሉ ብሎን። በካቻቢቴ ፈታው። ቀጥሎ ጃንጥላዋን አወጣ። ጃንጥላ ለሚለይ ሰው እንዴት ያለ ዕቃ ነው! ጨርቁ ከጫፍ ጫፍ በክር ተይዟል፤ ክሩን ከቆረጡት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ሽቦዎቹ በቀለበት ተያይዘዋል፤ ቀለበቷን ያገኘ ሁሉንም ይፈታል። እጀታው እንጨት ነው። ቶኩጂ ጨርቁን አጥፎ፣ ሽቦውን አስሮ፣ እንጨቱን ለብቻ አስቀመጠ። ምንም አልተሰማው። አልከበደውምም።

ከዚያ ማበጠሪያዋ። መነጽሯ፤ ብርጭቆው፣ ፍሬሙ፣ በጣት የማይያዙት ትንንሽ ብሎኖች። የዝናብ ቦቲዋ፣ የስፌት ሳጥኗ፣ ሁለት ኪሞኖ ልብሶቿ። በየቀኑ አንድ ቁም ሳጥን ይከፍታል፣ ከእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል። ያልተሰበረውንና ደህና የሆነውን ጣቢያው ውስጥ ካለው የመውሰጃ መደርደሪያ ላይ ያኖረዋል፤ እዚያ የፈለገ ያስቀምጣል፣ የፈለገ ይወስዳል። ፉሳኤ ለእንግዳ ያሰፋቻቸውን የወለል መከዳዎች እዚያ አኖረ። የእንግዳ የሻይ ስኒዎችን እዚያ አኖረ። ሳህኖቹንና የሻይ ማንቆርቆሪያውን አኖረ፤ የቀን መቁጠሪያውን ምስማር እንኳ ነቅሎ ወደ ብረት ወሰደ።

"ጋሼ ቶኩጂ" አለ ጎንዳ መከዳዎቹን እየነካካ፣ "ይሄ እኮ ደህና ነው።"

"ለሚፈልግ ይሁን።"

"እርስዎ አይፈልጉትም?"

"አንድ ሰው ነኝ።"

ጎንዳ መከዳዎቹን አገላበጣቸው፤ ዕቃው ንጹሕ፣ አለያየቱም ሸጋ ነበር። ሌሎች የመንደሩን ሰዎች እየጠራ "የጋሼ ቶኩጂን እስር እዩ! እንዲህ ነው እንጂ!" ይል ጀመር። አንድ ቀን ቶኩጂ የሙታን መታሰቢያዋን ሳጥን፣ ፎቶዋና ዕጣን ማጨሻው ያለበትን፣ ቅርጹን በእጁ እያሳየው በቃል ጠየቀው።

"እንጨት ነው፣ ቀለም የተቀባ። መያዣዎቹ ናስ ናቸው። ይሄስ የት ይገባል?"

የጎንዳ ሳቅ ጠፋ። "ያ የእኔ አይደለም፣ የመነኩሴው ነው። ቤትዎ ይቀመጥ፣ እሺ?"

"እሺ" አለ ቶኩጂ። ሳጥኑ በዚህ ቀረ።

ነሐሴ ገባ። በዓሉ ሲደርስ ቶኩጂ ለመጀመሪያ ዓመት ሟች የሚሰቀለውን ነጭ ፋኖስ በሩ ላይ ሰቀለ፤ አዲስ ነፍስ መንገዱን የምታውቀው በእሱ ነው። ከዚያ ተቀምጦ ጠበቀ። ሹንፔይ እንደደረሰ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ወደ ኋለኛው ክፍል ሄደና በሩን ከፈተ። ባዶ። ምንጣፉ ይሸታል፣ ጥሩ ሽታ።

"አባባ! አንተ!" ብሎ ሳቀ። "እኔ እኮ ምራትህን ዩኪን ለአባባ ክፍል አዘጋጂ ብያት ነው የመጣሁት።"

እየሳቀ የቀጣዩን ክፍል በር አንሸራተተ። ከዚያ የቀጣዩን። ሳቁ በየበሩ እያነሰ ሄደ። የመጨረሻውን ቁም ሳጥን ሲከፍት ውስጡ አንድ ሰሌን፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ትራስ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ጎድጓዳ ሳህን፣ አንድ ጥንድ የመብያ እንጨት።

"የእማማ ልብስ የት ሄደ?"

"ጨርቅ ወደ ጨርቅ።"

"መነጽሯስ?"

"ብርጭቆው ከብርጭቆ ጋር አይሄድም" አለ ቶኩጂ፣ እውነትም ስላልሄደ። "የመነጽር ብርጭቆ ሌላ ነው። ጎንዳ ነው ያሳየኝ።"

ሹንፔይ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። "አባባ፣ ልትሞት ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ይሄ ምንድነው? ሰው ቤቱን እንዲህ የሚያደርገው ሊሞት ሲል ነው።"

መልስ ከመምጣቱ በፊት ከደጅ ድምፅ ተሰማ። ሚትሱኖ በዱላ ተደግፋ፣ የተሰፋ ጉልበቷን እየጎተተች፣ ሐብሐብ በፎጣ አስራ መጥታለች፤ በመጀመሪያው በዓል ጎረቤት ሁሉ ይመጣል፣ ከሟች ፎቶ ፊት ይቀመጣል፣ ሻይ ይጠጣል። ገብታ ከፎቶው ፊት ቆመች። ለመቀመጥ መከዳ በዓይኗ ፈለገች። ባዶ ወለል ላይ እንዳትንበረከክ ሐኪም ከልክሏታል።

"መከዳ የለም?" አለች።

አንድ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ እንደ ቆመች፣ ራሷን ዝቅ አደረገች። ለፉሳኤ ቆማ ጸለየች። ቶኩጂ እግሯ ሲንቀጠቀጥ አየ። ከጆሮው ጀምሮ የሆነ ነገር ሞቀው፤ ውርደት መሆኑን ያወቀው ቆይቶ ነው፤ ሲሞቀው ከበረዶው ወራት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ተነስቶ ሄዶ ብርድ ልብሱን አመጣ፣ አራት ጊዜ አጥፎ አነጠፈላት። ሻይ ለመስጠት ፈልጎ አንዷን ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ቆመ።

"እግዜር ያሳይህ" አለች ሚትሱኖ እያቃሰተች እየተቀመጠች። "ለሦስት ሰው አንድ ሳህን። ተራ በተራ እንደ ዶሮ እንጠጣ?"

"እትዬ ሚትሱኖ፣ እርስዎ እያሉ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ የሆነው?" አለ ሹንፔይ።

"ጉልበቴን ስታከም ነበር። ስሄድ ክምሩን ጨርሶ፣ እንደ ሙሽራ ቤት ወልውሎ ነበር። እኔ ምን አውቃለሁ ግድግዳውንም ሊያጥበው እንደሆነ!"

ሹንፔይ ወደ በሩ፣ ወደ ነጩ ፋኖስ አየ። ድምፁ ዝቅ አለ። "ፋኖሱን አይታ ትመጣለች፣ እሺ። ስትገባስ የማን ቤት ነው የምትለው? አባባ፣ አትቀርም እዚህ። ነገ ዕቃህን... " ቆመ፤ የሚታሰር ዕቃ እንደሌለ ትዝ ብሎት። "ነገ ከእኔ ጋር ትመጣለህ።"

ቶኩጂ ጎድጓዳ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠው። አሁን ያ በውስጡ ከሩቅ የሚሰማው ሬዲዮ ትንሽ ቀርቦ ነበር። "አልሄድም" አለ። "ክምሩን አጽዳ አልከኝ፣ አጸዳሁ። የት እንደሚቆም ግን የነገረኝ የለም። እጄ አልቆም አለኝ። እሷ ታውቀው ነበር የሚቀረውን። እኔ የሚወጣውን ብቻ ነው የተማርኩት።"

ቶኩጂ ፉሳኤን ካገባ ጀምሮ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል የተናገረበት ቀን ትዝ የሚለው የለም። ሚትሱኖ ሐብሐቡን በእጇ ትነካካ ጀመር። ሹንፔይ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገ።

"የሚቀረውን ማን ያስተምርሃል ታዲያ?"

"አላውቅም።"

"ጎንዳ አለ" አለች ሚትሱኖ። "የእሱ መደርደሪያ ማስቀመጫ ብቻ ነው ያለው ማነው? መውሰጃም እኮ ነው። እስካሁን ከዚያ አንድ ነገር ይዘህ ወጥተህ ታውቃለህ?"

አያውቅም።

ሹንፔይ በዓሉን እዚያው አሳለፈ። አባትና ልጅ ባዶ ወለል ላይ ተኙ፤ ሹንፔይ ሻንጣውን ተንተርሶ። ሲሄድ የተናገረው አጭር ነበር። "ቅጠሉ ሲቀላ ከዩኪ ጋር እንመጣለን። የምንቀመጥበት ካለ፣ ሰው የሚኖርበት ከመሰለ፣ ሁለተኛ አላነሳውም። ካልመሰለ ግን አባባ፣ አልጠይቅህም፣ ጭኜህ ነው የምሄደው።"

ቶኩጂ አሁን ወደ ጣቢያው የሚሄደው ጭኖ ሊመለስ ነው። የፉሳኤ መከዳዎችና ስኒዎች የሉም፤ ሰው ወስዷቸዋል፣ ማን እንደወሰዳቸው አይጠየቅም። ስለዚህ የሌላ ሰው የነበረውን ይመርጣል፤ መምረጥ ከመለየት ይከብዳል። ከምን እንደተሠራ ማወቅ አይበቃም። ከመደርደሪያው ፊት ቆሞ አንድ ስኒ ያነሳል፣ ይመልሳል፣ ሌላ ያነሳል። ጎንዳ ከኋላው ሆኖ "የቱን ይወዱታል?" ሲለው ቶኩጂ "አላውቅም" ይላል፤ ጎንዳም "እንግዲያው ይውሰዱት፣ ሲጠጡበት ይታወቃል" ይለዋል። እስካሁን ሦስት የማይመሳሰሉ ስኒዎችና መከዳዎች ይዞ ገብቷል። አንዱ ስኒ አስጠልቶት መልሶታል። ጎንዳ ለምን እንደመለሰው ሲጠይቀው "ከንፈሩ ወፍራም ነው" አለ። ጎንዳ ደስ ብሎት በጓንቱ አጨበጨበ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ኮታትሱ አገኘ፤ ከሥሩ ማሞቂያ ያለው፣ ብርድ ልብስ የሚለብስ፣ ሰው በአራቱም በኩል እግሩን አስገብቶ የሚቀመጥበት ዝቅተኛ ጠረጴዛ። ማሞቂያው ይሠራል። የሰጡት ስለሚንገዳገድ ነው። ቶኩጂ አገላብጦ አየው፤ አንዱ እግር አጭር ነው። ለእንዲህ ያለው መድኃኒት አለው። አጭሩን እግር በስስ እንጨት ደግፎ ጠረጴዛውን ማስተካከል፣ ከዚያ እርሳስ በትንሽ እንጨት ላይ አጋድሞ በአራቱም እግር ዙሪያ አንድ ከፍታ ላይ መስመር መሳብ፣ በመስመሩ መቁረጥ። የመሰንጠቂያው ሰው ነውና በመጋዝ አልሳተም። ግቢው ውስጥ ሳንቃ ላይ ሲያቆመው እንደ ድንጋይ ቆመ። ቤት ሲያስገባው ተንገዳገደ።

"አበላሸኸው" አለች ሚትሱኖ ከመከዳዋ ላይ።

"አላበላሸሁም። ወለሉ ነው የዘመመው።"

"ዛሬ ነው ያየኸው?"

ዛሬ ነው ያየው። ከኖረበት ሁሉ ዘመን ዛሬ። ወለሉን ማቅናት ቤቱን ማፍረስ ነው፤ ስለዚህ እግሮቹን በዚህ ወለል ልክ ሊያደርጋቸው ወስኗል። እንዲያ ከሆነ ጠረጴዛው ሌላ ቦታ አይቆምም፤ ኦሳካም አሥረኛ ፎቅ ላይም አይቆምም። ይህን ለሚትሱኖ ነገራት፤ እሷም "ይሻላል" አለች።

ተራራው ላይ ያሉት ዛፎች ጫፋቸው መቅላት ጀምሯል። ቶኩጂ ጠረጴዛውን በጎኑ አጋድሞ አንዱን እግር በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፣ ያቆመዋል፣ መዳፉን ጥግ ላይ አድርጎ ይጫነዋል።

"ያኛው ነው" ትላለች ሚትሱኖ በዱላዋ እያመለከተች።

"አይደለም፣ ይሄኛው ነው።"

"ያኛው ነው ስልህ! እኔ ላይ ነው የሚንገዳገደው፣ እኔ አላውቅም?"

እንደገና አጋደመውና ያኛውን ይፍቅ ጀመር።